ከድሬ ጠያራ እስከ ቦደን ሐይቅ

ድሬ ጠያራ ማለት በኦሮምኛ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ይህን የሰፈራችንን ስም ትርጉም ለካምፓስ ጓደኞቻችን ስንነግራቸው፣ «እናንተማ ታድላችሁ! ከደጃፋችሁ ተነሥታችሁ ትበራላችሁ» ይሉናል። የምንበርበት የለም። ያለን ማሽላ ነው፤ ጫት ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። መብረር ያማረው የድሬ ጠያራ ልጅ መጀመሪያ ሐረር ይገባል፤ ከሐረር ደግሞ በሚኒባስ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኪሱ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ከስሙ በቀር አውሮፕላን በሌለበት በዚህ ሰፈር ነው፣ ባለፈው ክረምት፣ ወደ ስዊስ፣ ወደ ኦስትርያና ወደ ደቡብ ጀርመን የሽርሽር ጉዞ ያሰናዳነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ እኛም ስቀናል። ነገሩ ግን በሳቅ ስላላለቀ ነው ይህችን ጽሑፍ ለእናንተ ማቅረባችን።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። የምንዘወትራት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር ተሰቅሏል። ወሮቹ ተቀደው አልቀዋል፤ የቀረው ሥዕሉ ብቻ ነው። በረዶ የሸፈነው ተራራ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ ነጭ መርከብ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ስንት ጊዜ ያየነውን ሥዕል እንደገና ስናይ፣ ከመካከላችን አንዱ «እንደው እዚህ ቦታ ለመሄድ ስንት ይፈጃል?» አለ። ጥያቄው የቀልድ ነበር። ዝናቡ ግን አላባራም።

ኢትዮጵያዊ አራት ሆኖ ከተቀመጠ ኮሚቴ ያቋቁማል። እኛም አቋቋምን። የታሪክ ተማሪው ሊቀ መንበር፣ የጂኦግራፊው የመስመር ኃላፊ፣ የሥነ ጽሑፉ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። አራተኛችን ለእረፍት እኛ ዘንድ ሊሰነብት የመጣ የሐረማያ ልጅ ነው። እርሱም ሂሳብ ስለሚያውቅ ሳይሆን የሻይ የሚከፍለው ዘወትር እርሱ ስለ ነበረ ገንዘብ ያዥ ተባለ። ቃለ ጉባዔ የሚጻፍበት ባለ 50 ሉክ ደብተር ተገዛ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ወጪ ይኸው ነው።

የመስመር ኃላፊያችን ሁለት ቀን ጠፍቶ ከረመና መንገዱን በእርሳስ ቀይሶ መጣ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር፤ ከዚያ ወዲያ በባቡር። መጀመሪያ ዙሪክ። ከዙሪክ ፍራውንፌልድ የምትባል ትንሽ የስዊስ ከተማ (የእሷን ነገር ኋላ እንመለስበታለን)። ከፍራውንፌልድ ወደ ቦደን ሐይቅ፤ ይህ በአንዳንድ የጂኦግራፊ መጻሕፍት የኮንስታንስ ሐይቅ የሚባለው ነው። ስፋቱ 536 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ጀርመን፣ ስዊስና ኦስትርያ በዙሪያው ተቀምጠው ይካፈሉታል። በመርከብ ተሻግሮ የኦስትርያዋ ብሬጌንዝ። ከዚያ በተራሮች መካከል ኢንስብሩክ፣ ሳልዝበርግ፣ ሀልሽታት። ከሀልሽታት ወደ ጀርመን ምድር ተመልሶ ኮኒግዜ፤ በዚህ ሐይቅ ላይ የሚመላለሱት ጀልባዎች ከ1909 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይነዳሉ። መደምደሚያው የጀርመን ከፍተኛ ተራራ፣ ጹግሽፒጸ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጉዞው ወደዚያው ነውና አንባቢ ካሁኑ ይልመደው።)

ሀልሽታት ላይ ክርክር ተነሣ። ሀልሽታት በሐይቅ ዳር የተለጠፈች፣ ሕዝቧ ከ800 የማይበልጥ መንደር ናት። ከጀርባዋ ባለው ተራራ ውስጥ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የሚገመት ዕድሜ ያለው የጨው ማዕድን ይገኛል። እርሷና አካባቢዋ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ፤ የእኛው ጀጎል የተመዘገበው በ2006 ነው። «ጨው ለማየት ነው እንዴ ኦስትርያ ድረስ የምንሄደው?» አለ ጸሐፊው፤ «በአሞሌ ስትገበያይ የኖረች አገር ልጆች ሆነን!» በዚያ ላይ በ2023 የሀልሽታት ሰዎች ቱሪስት በዛብን ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ሊቀ መንበሩ በበኩሉ፣ አራት ሰው ቢጨመር አይታወቅም ሲል ነገሩን ዘጋው። ሀልሽታት በድምፅ ብልጫ ጸደቀች።

ከዚያ በኋላ የተራሮቹ ከፍታ ተነበበ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ትንሽ መለወጥ የጀመረው።

ሰንት ሞሪትዝ የምትባለው የስዊስ ከተማ በ1928 እና በ1948 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት፣ ስሟ በተራራነቷ የገነነ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,822 ሜትር ላይ ትገኛለች። ሐረር ከተማ ደግሞ ወደ 1,880 ሜትር ግድም ላይ ናት። «ቆይ ቆይ» አለ ሊቀ መንበሩ፤ «ሸዋ በር ቆሞ ቲማቲም የሚሸጠው ሰው ከሰንት ሞሪትዝ በላይ ነው ያለው ማለት ነው?» ነው። ጹግሽፒጸ 2,962 ሜትር ነው፤ ጀርመኖች በባቡርና በገመድ መኪና እየወጡ አናቱ ላይ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በሐረርጌ ያለው ጋራ ሙለታ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። የኦስትርያ ቁንጮ ግሮስግሎክነር 3,798 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ያልፋል። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ደረታችን ተነፋ። ከመካከላችን ጋራ ሙለታን የወጣ ሰው ስንቆጥር ግን አንድም አልተገኘም። ራስ ዳሸንንም በአስር ብር ጀርባ እንኳ አይተነው አናውቅም።

«ታዲያ በረዶው የት አለ?» ተባለ። የመስመር ኃላፊው ሲያስረዳ፣ እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን፤ እነሱ 47 ግድም ላይ ናቸው፤ በእኛ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናት አትርቅም አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ጸሐፊው በደብተሩ ከሥሩ አስምሮበታል፤ «በረዶ ለእነሱ የውሃ ባንክ ነው። ብርዱ ሲመጣ ያስቀምጣሉ፤ ሙቀቱ ሲመጣ እየመነዘሩ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ይለቁታል። የእኛ ዝናብ ግን ደመወዝ ነው። በተቀበልክበት ወር ካልቆጠብከው የለም።»

በሁለተኛው ሳምንት ሊቀ መንበሩ ተራውን ወሰደ። ጉዞው ያለ ታሪክ ባዶ ሽርሽር ነው፤ ከእኛ በፊት በዚህ መስመር የተመላለሰ ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ አለብን አለ። ቆጥሮ አመጣልን፤ የተመላለሱት ግን ሁሉም ከዚያ ወደዚህ የመጡ ናቸው።

አንደኛው ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1878 ኅዳር ወር፣ የስዊስን የሰን ጎታርድ ተራራ በበረዶ ውስጥ በእግሩ አቋርጦ ስለ መከራው ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጽፏል። ያን ጊዜ ከተራራው ሥር 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር ዋሻ እየተቆፈረ ነበር፤ ዋሻው በ1882 ተከፈተ። ራምቦ ግን ዋሻውን ሳይጠብቅ ቀድሞ እኛ ዘንድ ደርሶ ቡናና ቆዳ ነግዶ ነበር።

ሁለተኛው ኦስትርያዊው ፊሊፕ ፓውሊችኬ ነው። በ1885 ወደ ሐረር ተጉዞ፣ ተመልሶም ስለ ጉዞው ወፍራም መጽሐፍ በጀርመንኛ አሳተመ። ያየውን ሁሉ የሚመዘግብ ሰው ነበር። እኛ የሐረር ልጆች ስለ ሐረር ምን መዘገብን? ይህ ጥያቄ በቃለ ጉባዔው ላይ መልስ አልተጻፈለትም።

ሦስተኛው የፍራውንፌልድ ልጅ ነው፤ ቅድም ያቆየናት ከተማ። አልፍሬድ ኢልግ እዚያ በ1854 ተወለደ፤ ዙሪክ ምህንድስና ተማረ፤ በ1870ዎቹ መጨረሻ ምኒልክ ዘንድ መጥቶ ለብዙ ዓመታት አማካሪያቸው ሆኖ ኖረ። ከራምቦም ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። በ1894 የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ከምኒልክ ያገኘው እርሱ ነው። በዚያ ውል የመጀመሪያው መስመር ከጂቡቲ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ሐዲዱ ግን ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣቱ ከባድ ሆኖ በመገኘቱ ቆላውን ተከትሎ አለፈ፤ በ1902 መጨረሻ በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐረርም ከተራራዋ ላይ ሆና ባቡሩን ቁልቁል እያየች ቀረች።

«አየህ» አለ የመስመር ኃላፊው በቁጭት፤ «በእነሱ አገር በ1871 ሪጊ የሚባለውን ተራራ ባቡር ወጥቶታል። በ1912 ደግሞ 3,454 ሜትር ላይ የባቡር ጣቢያ ከፍተዋል። የእኛ ጋራ ሲሆን ግን ከባድ ተባለ።» ሊቀ መንበሩ ኢልግን ለመከላከል ሞከረ፤ ጉዳዩ የገንዘብ ነው፣ ተራራ የሚያስወጣ ባቡር መንገደኛ ያስፈልገዋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማን ትኬት ይቆርጥ ነበር አለ። ምሽቱን ሙሉ ስንከራከር አደርን። ገንዘብ ያዡ ብቻ ዝም ብሎ ሻዩን ያማስላል።

የእርሱ ሪፖርት በሦስተኛው ሳምንት ቀረበ። አጭር ነበር። መልካሙ ዜና፣ ለሦስቱም አገሮች የሚያስፈልገው ቪዛ አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዜና እንዲህ ይነበባል፤ ለቪዛው ማመልከቻ በአንድ ሰው 90 ዩሮ፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና፤ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፤ የማረፊያ ቦታ ማረጋገጫ፤ ተመልሶ ለመምጣት የሚያስገድድ ነገር መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ። በሌላኛው ገጽ ላይ የኮሚቴው ንብረት ተዘርዝሯል፤ አንድ ፍየል ከነግልገሏ፣ አንድ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ፣ ሁለት ጃኬት፣ ለሊቀ መንበሩ አጎቱ የገቡለት የቃል ተስፋ።

«ለመመለሳችን ማስረጃ ምን እናቅርብ?» ተባለ።

«እናቶቻችንን» አለ ጸሐፊው።

ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ ነው የቆመው። ከእኛ ጋር አንደኛ ክፍል ገብተው፣ ቪዛ ሳይሉ ዋስትና ሳይሉ፣ በጂቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው የሄዱ ልጆች አሉ። ለእነሱ ጉዞ ኮሚቴም አልተቋቋመ፤ ሽርሽርም አልነበረም። የአንዱ እናት እስካሁን ስልክ ሲጮህ ከእጃቸው ያለውን ይጥላሉ። እኛ ስለ መርከብና ስለ በረዶ ስናወራ በዚያው ሻይ ቤት በር ያልፋሉ። ያን ቀን ኮሚቴው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ማታ ከመካከላችን የአንዱ እናት ቤት እራት ላይ ተሰብስበናል። የጉዞው ወሬ እሳቸው ጆሮ ደርሷል።

«እንደው እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ምን ልታዩ ነው?» አሉ።

«ሐይቅ እናያለን፣ እማማ።»

«ሐይቅማ ሐረማያ ነበረልን አይደል እንዴ። ለመሆኑ እሱን ስንቴ አያችሁት?»

ምን እንበል? ከሐረር ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ በሐረማያ በኩል ነው የሚያልፈው። ከመቶ ጊዜ በላይ አልፈንበታል። መስኮት በኩል የተቀመጠ ያያል፤ መሐል የተቀመጠ ይተኛል። እናትየው ግን ሐይቁን በሌላ ነው የሚያስታውሱት። ሐረር ከአርባ ዓመት በላይ የጠጣችው ከዚያ ሐይቅ እየተሳበ የሚመጣውን ውሃ ነው። ሐይቁ በ2004 እና በ2005 ግድም ደረቀ። ያን ጊዜ ከእኛ ታላቁ ገና ድክድክ ይል ነበር፤ ታናሹ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ሐይቁን አላወቅነውም፤ ያወቅነው መድረቁን ነው። ቢጫ ጀሪካን በተርታ ተደርድሮ፣ ቦቴ መጣ ሲባል ተሯሩጦ፣ ተራ ለመያዝ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ነው ያደግነው። ኋላ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ሽቅብ በቧንቧ እየተገፋ መምጣት ጀመረ። ባቡሩ የፈራውን ዳገት ውሃው ወጣው ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን ቧንቧው ሲያሻው ነው።

ገንዘብ ያዡ ከሰሐኑ ላይ ቀና ሳይል፣ «ነገ እኛ ቤት ኑ» አለ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስለ ጉዞው የተናገረው የመጀመሪያው የራሱ ሐሳብ ይኸው ነበር።

በማግሥቱ አራታችንም በሚኒባስ ሐረማያ ሄድን። ከሐረር ሃያ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ የኮሚቴው ሁለተኛ ወጪ። የጓደኛችን ቤት በፊት የሐይቁ ዳር በነበረው ቦታ ላይ ነው። አባቱ ተቀበሉን፤ ሆጃ ቀረበልን፤ «ያ ኢጆሌ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉን። ሐይቅ ልናይ መምጣታችንን ስንነግራቸው አልሳቁም። ከዚህ በታች ያለው እሳቸው በኦሮምኛ የነገሩንን ነው፤ ያሳጠርነው እኛ ነን።

ኦቦ እንዳሉን፣ እሳቸው ልጅ ሆነው ውሃው እስከ መንገዱ ይደርስ ነበር። ዓሣ ይጠመድበታል፤ ወፉ ሰማዩን ይሸፍነዋል፤ ከብት ሲጠጣ እግሩ ይሰምጣል። ካገቡ በኋላ ከሁለት ጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥተው የውሃ ሞተር ገዙ። ጫት በበጋ ዋጋው ሌላ ነው፤ ውሃ ያለው ሰው በበጋ ያጭዳል። ድንቹም ሽንኩርቱም እንዲሁ። ጎረቤትም ገዛ፤ የጎረቤት ጎረቤትም ገዛ። ከተማውም በራሱ ትልቅ ቧንቧ ይስባል። ከተራራው ዛፉ ስለተመነጠረ ጎርፍ ሲመጣ አፈሩን ይዞ እሐይቁ ሆድ ውስጥ ያራግፋል።

«ውሃው በየዓመቱ ትንሽ ሲሸሽ» አሉ፤ «እኛ ትንሽ ቱቦ እንጨምራለን። ዘንድሮ ሃያ ሜትር፣ ከርሞ ሠላሳ ሜትር። ቱቦ ስንቆጥር ውሃውን የቆጠረ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ቱቦው ደረሰ፤ ውሃው ግን የለም።» ትንሽ ዝም ብለው ልጃቸውን አዩ። «ይህ ልጅ ደብተር የተገዛለት በዚያ ሞተር ነው። ሌባ አልነበርንም። ሁሉም የራሱን ነው የወሰደ። የሁሉም የራስ ሲደመር ሐይቁ አለቀ።»

ገንዘብ ያዣችን ያን ሁሉ ቀን ለምን ዝም እንዳለ ያኔ ገባን። እኛ በካላንደር ላይ ስላየነው ሰማያዊ ሐይቅ ስንቀልድ፣ እርሱ በሐይቅ ዋጋ መማሩን እያሰበ ነበር። እኛስ? የሐረር ውሃ ጠጥተን አይደል ያደጉት ታላላቆቻችን? የሱ ቤት በሞተር፣ የኛ ቤት በቧንቧ። ደብተሩ የተገዛው በአንድ ውሃ ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ ሐይቁ ወረድን። አዎ፣ ሐይቅ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ በተራሮቹ ላይ እርከን ተሠርቶ፣ ችግኝ ተተክሎ፣ ዝናቡም ረድቶ፣ ሐረማያ እንደገና ውሃ መያዝ ጀምሯል። ነፋሱ ውሃውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ነጫጭ ወፎች ዳር ዳሩን ይለቅማሉ። በሻይ ቤቱ ሥዕል ላይ እንዳለው ሰማያዊ አይደለም፤ ቡናማ ነው። የሞተር ድምፅ አልሰማንም። ክረምት ነውና አያስፈልግም። የበጋውን ደግሞ በበጋ ማየት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳንናገር ቆምን። ይህን ሐይቅ ሲመለስ እንኳ ሊቀበለው የወጣ ከመካከላችን አልነበረም።

ሐረር ተመልሰን፣ አሁን በቀልድ ሳይሆን፣ ቦደን ሐይቅን እንደገና ማንበብ ጀመርን። የመርከቡን ሰዓትና የሆቴሉን ዋጋ ትተን ሌላ ነገር ፈለግን። አራት ሚሊዮን ያህል ጀርመናዊ የሚጠጣው ከዚህ ሐይቅ የሚሳብ ውሃ እንደ ሆነ አወቅን፤ ከ1958 ጀምሮ ከሐይቁ ሆድ፣ ከ60 ሜትር ጥልቀት እየተሳበ እስከ ሽቱትጋርት ይሄዳል። ታዲያ ለምን አልደረቀም?

አንዱ ምክንያት የእነሱ ብልሃት አይደለም፤ ዕድል ነው። ቦደን ሐይቅ ጥልቁ ቦታ ላይ 251 ሜትር ነው፤ የራይን ወንዝ የተራራውን በረዶ ውሃ ይዞ ይገባበታል። ለመጠጥ የሚወስዱት ፀሐይ በትነት ከምትወስደው እንኳ ያነሰ ነው። ሐረማያ ግን በደህናው ዘመን እንኳ ጥልቀቱ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ሜትር አያልፍም ነበር፤ የሚመግበው ትልቅ ወንዝም የለም። ባንክ ያለውና በደመወዝ የሚኖር እኩል አይወቀሱም።

ሁለተኛው ግን ዕድል አይደለም። ቦደን ሐይቅም ታሞ ነበር። ከፍሳሽና ከማዳበሪያ የሚመጣው ፎስፎረስ በ1980 ግድም በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ80 ማይክሮግራም በላይ ደርሶ ሐይቁ በአልጌ ይታፈን ጀመር። ሦስቱ አገሮች በሐይቁ ትልቁ ክፍል ላይ ድንበራቸው የት እንደሆነ እስከ ዛሬ በውል አልተስማሙም። ግን በ1959 ሐይቁን የሚጠብቅ የጋራ ኮሚሽን አቋቁመው ነበር። በየዓመቱ ለኩ፤ የከተሞቹን ፍሳሽ ማጣሪያ ሠሩ፤ ዛሬ ያ ቁጥር ከ10 በታች ወርዷል። ድንበሩን ሳይጨርሱ ውሃውን ቆጠሩ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን በነጻ አልመጣም። ውሃው ሲጠራ የዓሣው ምግብ ቀነሰ፤ የዓሣ አጥማጆቹ ኑሮ ተናጋ። በ2024 የሐይቁን ታዋቂ ዓሣ ማጥመድ ለሦስት ዓመት ተከለከለ። ስለዚህ እዚያም ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ። የእነሱን ዓሣ አጥማጅና የእኛን ኦቦ አንድ ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጣቸው ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡ ይመስለናል።

የኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባ እዚያችው ሻይ ቤት፣ ከዚያው ካላንደር ሥር ተካሄደ። ውሳኔው እንዲህ ተመዘገበ። ጉዞው አልተሰረዘም፤ ገንዘብ ሲገኝ ይደረጋል። ከእኛ ወይም ከአንባቢዎቻችን ወገን በትምህርትም በሥራም ዕድል የገጠመው ሰው ካለ፣ ተራራውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ላይ እነዚህን ጥያቄዎች እንዲጠይቅልን አደራ ተብሏል፤ ውሃውን የሚለካው ማነው? የለካውን ለማን ይናገራል? ሲናገር የሚሰማው ማነው? ውሃውን እንዳይወስድ ለተነገረው ሰው በምትኩ ምን ተሰጠው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ያስጻፈው ገንዘብ ያዡ ነው፤ ካልተጻፈች አልፈርምም ብሎ።

ወደ ካምፓስ ከመመለሳችን በፊት አንድ ቀን እንደገና ሐረማያ ሄደን ነበር። አንድ የባሕር ዛፍ እንጨት በየጣቱ ልክ ምልክት አድርገንበት በውሃው ዳር ተከልነው። ኦቦ ከዳር ቆመው አዩንና፣ «ከብት ይነቅለዋል» አሉ። ቢሆንም ድንጋይ አምጥተው ሥሩን የደገፉት እሳቸው ናቸው። ይህ ሳይንስ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሳይንሱን የሚያውቁት እዚያው አጠገቡ ባለው ዩኒቨርስቲ አሉ። እኛ የፈለግነው ቢያንስ አንድ ሰው ቱቦውን ሳይሆን ውሃውን እንዲቆጥር ነው።

በታኅሣሥ፣ ለፈተና ስናጠና፣ የጓደኛችን ስልክ ጮኸ። አባቱ ናቸው። ከብት እንዳልነቀለው፣ ውሃው ግን ከእንጨቱ በአሥራ አንድ እርምጃ እንደሸሸ ነገሩት። የጎረቤት ሞተርም መጮህ ጀምሯል። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ከሻንጣው አውጥቶ፣ የፍራንክፈርት ትኬት ዋጋ ከተጻፈበት ገጽ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ቀኑንና «11 እርምጃ» የሚለውን ጻፈ። ደብተሩ ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው።